የምትጮኸውን ማሽን አፍ መዝጋት ወይስ ባትሪዋን መቀየር?

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ልጆችም ትምህርት ቤት ቀየሩ። አዲስ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቀድሞ ውጤቱን ነው። ሰፈር ፈርሶ ጎረቤት ሲበተን ምስክር ሆኖ የሚቀረው መዝገቡ ነው፤ ያ መዝገብ ዛሬ ብዙ ጊዜ ያለው ሰርቨር ውስጥ ነው። ነገ ጠባቂዎቹ እኛ ዕጩ መምህራን ነን። ስለዚህ «የባትሪ ነገር የቴክኒሺያን ጉዳይ ነው» የሚለውን አባባል አልቀበለውም።

በብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ዲስኮቹን የሚያስተባብር ካርድ አለ። የምንመዘግበውን ውጤት ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍረውም፤ ለፍጥነት ሲል መጀመሪያ ካሽ በሚባል ጊዜያዊ ማኅደር ይይዘዋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ያንን ገና ያልሰፈረ ውጤት ይዛ የምትቆየው የካርዱ ባትሪ ናት፤ ደህና ከሆነች እስከ 72 ሰዓት የምትይዝ አለች። ስትደክም ካርዱ ራሱ ይጠነቀቃል። እያንዳንዱ ነገር ዲስክ ላይ እስኪሰፍር ይጠብቃል፤ ማሽኑ ይንቀረፈፋል፣ ይጮኻል። ታዲያ ምን ይደረጋል? ጩኸቱን አጥፍቶ «ባትሪ ባይኖርም ፍጠን» ብሎ ማዘዝ! ትእዛዙ በእርግጥ አለ፣ ይሠራልም፤ መብራት እስኪሄድ ድረስ። መብራት መሄድ ደግሞ ለእኛ ብርቅ ነው እንዴ?

እርግጥ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ሞት አይደለም። አንዳንዱ ካርድ በየሦስት ወሩ ገደማ ባትሪዋን አሟጦ እንደገና እየሞላ ይፈትናታል፤ ፈተናው እስኪያልቅ መታገሥ ነው። ካለቀም በኋላ ከጮኸ ትቀየር። አስቀድሞ መዝገቡን ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ማሽኑን በሥርዓት መዝጋት፣ ካሹ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ ገመዱን መንቀል ያስፈልጋል። ያበጠች ባትሪ አትወጋም፣ እሳት ውስጥም አትጣልም። «መጠባበቂያ አለን» ማለትም አያዋጣም፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠችም ታረጃለች።

ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ዘንድ የምትገኘው ሳንቲም መሳይ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሌላ ናት፤ እሷ የማሽኑን ሰዓትና ቀን ነው የምትጠብቅ። ሁለቱን እያምታቱ «ቀይረናል እኮ» የሚሉ አሉ።

ለመሆኑ የኛ ሰርቨር ባትሪ መቼ ተቀየረች? በማሽኑ በር ላይ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይለጠፍ እንላለን። እስከዚያው ቀኑን የሚያውቅ ካለ ከዚህ ጽሑፍ ሥር በእስክሪብቶ ይጻፍልን።