ብሩ ከካልሲው ወዴት ሄደ?

በ2008 (እ.ኤ.አ.) የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሽታ ይከላከላል» ተብለው የሚሸጡ ካልሲዎችን ገዝተው አጠቧቸው። ባክቴሪያ እንዲገድል የተጨመረው የብር ናኖ ቅንጣት ከአንዳንዶቹ በጥቂት እጥበት ተጠራርጎ ወጣ። ገዢው የከፈለበት ነገር ከእጣቢው ጋር ፍሳሽ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

የማቅለሙም ሥራ ከዚህ አይሻልም። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲነከር ብዙ ጨው ይፈልጋል፤ ከቀለሙም ጨርቁን ሳይዝ ታጥቦ የሚሄድ አለ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ የተሠራው ለዚህ ነው፤ አጠገቡ ሐይቅ አለና። ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው። ትናንሽ ማቅለሚያ ቤቶች አይችሉትም።

ለእነሱ የሚቀርበው የሽንኩርት ልጣጭና የሮማን ቅርፊት ነው። በሮማን ቅርፊት ውስጥ ያለው ታኒን ቀለሙን ከጥጡ ጋር ያያይዛል፣ ባክቴሪያንም ይገታል። በአንድ ድስት ሁለት ሥራ! እርድም ባክቴሪያ ይከላከላል፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይደበዝዛል (ልብስ ደጅ ለሚያሰጣ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም)። ደግሞም «ተፈጥሯዊ» የተባለ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ቀለሙን ለማስያዝ ክሮም የሚጨምር ሰው መርዙን በጓሮ በር መልሶ አስገባው። ታኒኑ ላይ አሉም ቢጨመር ይበቃ ነበር።

ብርም ሆነ ሮማን፣ «ፀረ ባክቴሪያ» የሚለው ቃል መለያው ላይ ሊሰፍር የሚገባው ጨርቁ 20 ጊዜ ታጥቦ ከተፈተነ በኋላ ነው። አሁን ግን ገዢው የሚያየው ከፋብሪካ እንደወጣ የተለጠፈውን ወረቀት ብቻ ነው።