«መደበኛ ዝናብ» ለዝቋላ ምን ማለት ነው?

በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅቱን የአየር ጠባይ ትንበያ ይፋ ያደርጋል። ትንበያው በክልል፣ በብሔረሰብ አስተዳደርና በወረዳ መዋቅር ወርዶ የዝቋላ ወረዳ መቀመጫ ጽጽቃ ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል። ስብሰባው ይህን ሰምቶ ወደ ማዳበሪያ ኮታ ይሻገራል። አርሶ አደሩም «ዘንድሮ ዝናብ አለ ተብሏል» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ግን አልተባለም።

«መደበኛ» የሚለው ቃል በሜትሮሎጂ ባለሙያው ዘንድ «በቂ» ማለት አይደለም። የአንድ አካባቢ የ30 ዓመት ዝናብ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ተደርድሮ ለሦስት እኩል ሲከፈል መካከለኛው ክፍል መደበኛ ይባላል። ስለዚህ የአዊ መደበኛ ሌላ፣ የዝቋላ መደበኛ ሌላ ነው። ዝቋላ የሚገኘው በተከዜ ተፋሰስ ሞቃት ቆላ ውስጥ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥበት አዘል አየር እዚያ የሚደርሰው አብዛኛውን ዝናቡን በየተራራው ላይ አራግፎ ነው። መደበኛው ራሱ ጥቂት ነው። ክረምቱ መደበኛ በሆነባቸው ዓመታት ጭምር በርካታ የዋግ ኽምራ ቤተሰቦች በሴፍቲኔት ድጋፍ ሲታገዙ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ምድር «መደበኛ ይሆናል» የሚለው ዜና የሚያስጨበጭብ ሳይሆን ለጥንቃቄ የሚያዘጋጅ ነው።

ሌላው በመንገድ ላይ የሚጠፋው ነገር ዕድሉ ነው። ትንበያው ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉን 45፣ መደበኛ የመሆኑን 35፣ ከመደበኛ በታች የመሆኑን 20 በመቶ አድርጎ አስቀመጠ እንበል። እንዲህ ዓይነት ትንበያ ከተሰጠባቸው አሥር ክረምቶች ውስጥ ሁለቱ ደረቅ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ጎተራው ሙሉ የሆነ አርሶ አደር ሁለቱን ይችላቸው ይሆናል። ጦርነትና ድርቅ ተፈራርቀው ከብቱንና ጥሪቱን ለበሉበት የዝቋላ ሰው ግን አንዱም ይበዛበታል። ያቺን 20 በመቶ ከሪፖርቱ ውስጥ ቆርጦ ማስቀረት ሥራን ማቅለል ይመስላል፤ የሚከፍልበት ግን ሌላ ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በቆላው የሚወስነው ከጠቅላላው መጠን ይልቅ የዝናቡ አገባብና አወጣጥ ነው። የዋግ ክረምት ጉልበቱ በሐምሌና በነሐሴ ላይ ነው። በሰኔ አንድ ሁለት ጊዜ የጣለ ዝናብ አታሎ ዘር ያስበትናል፤ ከዚያ ለሁለት ሳምንት ይጠፋና ቡቃያው ይጠወልጋል። ሁለተኛ ለመዝራት የሚሆን ዘር ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። በሌላኛው ጫፍ ልጃገረዶች ሻደይን በሚጫወቱበት በነሐሴ አጋማሽ ዝናቡ ከወጣ፣ ማሽላው ዛላ አውጥቶ ፍሬ በሚቋጥርበት ሰዓት ውኃ ያጣል። የወቅቱ ድምር ከመደበኛ ሳይርቅ እህሉ ሊጠፋ ይችላል። በሦስት ቀን ዶፍ የወረደው ውኃም በድምሩ ውስጥ ይቆጠራል እንጂ በድንጋያማውና ስስ በሆነው አፈር ውስጥ አይቆይም፤ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

የ2007 ክረምት ይህን በሚገባ አሳይቷል። በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት ብርቱ ኤልኒኖዎች አንዱ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዝናብ አዛባ፤ በቀጣዩ ዓመት በአገር ደረጃ 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈለገው። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጀው በዚያው በሐምሌ 2007 ነበር። በ2015 ክረምት ኤልኒኖ ሲመለስ ዝቋላ፣ ሳህላና አበርገሌ እንደገና በድርቅ ተመቱ፤ እንስሳት አለቁ። በሁለቱም ጊዜ የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ድንገተኛ ዜና አልነበረም፤ ከክረምቱ በፊት ይታወቅ ነበር። መረጃው ግን ፍየል የሚሸጥበትን ቀን አልቀየረም።

ፍየል የሚሸጥበት ቀን ቀላል ነገር አይደለም። በሰኔ ጥቂት ፍየል ሸጦ እህል የገዛ አርሶ አደር፣ በኅዳር ሁሉም የከሳ እንስሳውን ገበያ ሲያወጣና ዋጋው ሲወድቅ አይጎዳም። የሳር ክምችትም፣ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘርም፣ ማዳበሪያን በዱቤ የመውሰድ ውሳኔም እንዲሁ ነው። ዝናብ ከቀረ ማዳበሪያው መሬት ላይ ይቀራል፤ ዕዳው ግን አይቀርም። ለአርሶ አደሩ ሁለቱንም መንገድ ሳያሳዩ ኮታ ማሟላትን ብቻ እንደ ስኬት መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም።

ኢንስቲትዩቱ ከወቅቱ ትንበያ በተጨማሪ በየወሩና በየአሥር ቀኑ መረጃ ያወጣል። ለዝቋላ ከግንቦቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው፤ መቼ ይዘራ፣ መቼ ይጠበቅ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነውና። ሆኖም መረጃው ከጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ አልፎ በኽምጣናም በአማርኛም፣ በገበያ ቀንና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊነገር ይገባል። በየቀበሌው አንድ የዝናብ መለኪያ ተተክሎ ንባቡን የልማት ሠራተኛው ከአርሶ አደሩ ጋር ቢይዝ፣ የሩቁ ትንበያ ከደጃፉ ዝናብ ጋር ይመሳከራል። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው፤ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችንና ውኃ በማሳ ውስጥ የሚያስቀሩ አሠራሮችን ከትንበያው ጋር አያይዞ ለማውጣት ከእሱ የተሻለ ቦታ የለም።

ሽማግሌዎቹ ነፋሱንና ደመናውን አይተው የሚሉትንም መናቅ አያስፈልግም። እነሱ ቢያንስ «ሊቀር ይችላል» የሚለውን ቃል ከንግግራቸው አያወጡም። የወረዳው ሪፖርትም በሚቀጥለው ግንቦት ከዚያ ቃል ቢጀምር፣ የመጠባበቂያ ዘሩ ከሰኔ በፊት ጽጽቃ ይደርሳል።