ቅጠሉም ማስረጃ ነው፤ የኢሉባቦርን ደን በእንጨት ስለ መቅረጽ

የእንስሳት መኖሪያን የሚያሳይ የእንጨት ቅርጽ ሲዘጋጅ ገንዘቡም፣ ጊዜውም፣ ሙያውም አስቀድሞ የሚውለው ለእንስሳው ነው። ጉሬዛው በጥንቃቄ ይቀረጻል፤ የፀጉሩ አወራረድ፣ የጅራቱ ርዝመት፣ የፊቱ ቅርጽ ይመረመራል። የተቀመጠበት ቅርንጫፍና በዙሪያው ያለው ቅጠል ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ፣ በእጅ ከተገኘው ነገር ይሟላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ቅደም ተከተል የሳይንስ ጉድለት ነው የሚል ነው። በመኖሪያ ማሳያ ውስጥ ቅጠልና ቅርንጫፍ ጌጥ ሳይሆኑ ማስረጃ ናቸው፤ ስለዚህም እንደ ማንኛውም ማስረጃ ምንጫቸው ሊታወቅ፣ ትክክለኛነታቸው ሊመረመር፣ ሠሪያቸውም በስሙ ሊጠቀስ ይገባል። ለዚህ ክርክር ከጎሬና ከመቱ እስከ ያዩ ከሚዘልቀው የኢሉባቦር ደን የተሻለ አብነት ማግኘት ያዳግታል።

የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ከ167 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። ክብሩን ካስገኙለት ነገሮች ዋነኛው በዛፎች ጥላ ሥር በተፈጥሮ የሚበቅለው የዓረቢካ ቡና የያዘው የዘር ሀብት ነው። ይህን ደን በእንጨት ለማሳየት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ እጅግ ቀላል ይመስላል፤ የቡና ተክል ምን ይመስላል?

አብዛኞቻችን በዓይነ ልቡናችን የምንስለው የጓሮውን ወይም የእርሻውን ቡና ነው፤ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ የሞላው፣ ቅጠሉ የበዛ፣ ፍሬው የተንዠረገገ። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ በራሱ የበቀለው ቡና ሌላ መልክ አለው። ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ስለሚሳብ ግንዱ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ቅርንጫፎቹ የተራራቁ፣ ፍሬውም ጥቂት ነው። በጥላ ያደገ ቅጠል ፀሐይ ላይ ካደገው ይልቅ ሰፋና ሳሳ ይላል። እንግዲህ የጓሮውን ቡና ቀርጾ «የደን ቡና» ብሎ የሚሰይም ማሳያ ጉሬዛውን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢሠራ ስለ ደኑ የተሳሳተ ነገር ይናገራል።

ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የደን ቡና ምርቱ እንዲጨምር ሲባል በሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ሲመነጠርና የጥላ ዛፎቹ ሲሳሱ ከፊል ደን ቡና ይሆናል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ስለሚታዩ ለውጡ ከሩቅ አይለይም። የሚጠፋው የደኑ ውስጣዊ አደረጃጀት ነው፤ ዛፎቹን የሚተኩት ችግኞች፣ ሐረጎቹ፣ ያ ቀጭንና ረጅም የቡና ግንድም ጭምር። ማሳያው የተመነጠረውን ደን የተፈጥሮ ደን አድርጎ ካቀረበ፣ ተማሪው የጠፋውን እንዳልጠፋ አድርጎ ይማራል። ለጥበቃ የሚቆም ትውልድ ደግሞ ምን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የቡና ቅጠል ለቀራጩ የራሱ ሰዋስው አለው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ። ቀጥ ብሎ በሚያድገው ግንድ ላይ አንዱ ጥንድ ከሚቀጥለው ጋር መስቀለኛ ይሆናል፤ ወደ ጎን በሚዘረጋው ቅርንጫፍ ላይ ግን ቅጠሎቹ ዞር ብለው በአንድ ጠለል ይደረደራሉ። ጠርዙ ሞገድ መሰል ነው፤ ጫፉ ይሾላል፤ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ፈዘዝ ይላል። በጀርባው የጎን ጅማቶች ከዋናው ጅማት በሚነሡበት ብብት ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። በተጨማሪም በደን ውስጥ እንከን የለሽ ቅጠል ብርቅ ነው፤ ትል የበሳው፣ የቅጠል ዋግ ከሥሩ ብርቱካንማ ዱቄት የነሰነሰበት፣ ዕድሜ ያደበዘዘው ቅጠል ከለጋው ጎን ይገኛል። የጎሬ አካባቢ ዝናብ የበዛበት ስለሆነ ቅርንጫፉም ራቁቱን አይደለም፤ የዛፍ ሽበትና ፈርን ያለብሱታል። ንጹሕና የተወለወለ ቅርንጫፍ ለዓይን ቢያምርም የዚህ አገር ቅርንጫፍ አይደለም።

ወቅትም እንዲሁ ነው። ከደረቁ ወራት በኋላ የሚወርደው ዝናብ የቡናውን አበባ በአንድ ጊዜ ያፈነዳዋል፤ አበባው በጥቂት ቀናት ይረግፋል፤ ቀዩ ፍሬ የሚለቀመው ከ7 እስከ 9 ወራት ቆይቶ ነው። ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አጎራብቶ የሚያሳይ ሥራ ሁለት ወቅቶችን ያምታታል። ካርልና ዴሊያ አክሊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዛሬ በቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ለሚታየው የአጋዘን ሥራቸው መፍትሔ ያደረጉት አንዱን እንስሳ በ4 ወቅቶች በ4 ማሳያዎች ማቅረብን ነበር፤ ለዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ የሰም ቅጠሎች በእጅ ተሠርተዋል። አባትና ልጁ ሊዮፖልድና ሩዶልፍ ብላሽካም ከ1887 እስከ 1936 እ.ኤ.አ. ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሠሯቸው የመስተዋት ዕፅዋት እስከ ዛሬ የማስተማሪያነት ዋጋቸውን ያላጡት እያንዳንዳቸው ተለይቶ የታወቀ ዝርያን ስለሚወክሉ ነው። በሁለቱም ዘንድ ቅጠሉ የጥናት ውጤት ነበር።

ሥራው በአካባቢያችን የሚቻል ነውን? ይቻላል። ለእንጨት ቅጠል ዋናው ሕግ የእንጨቱ ጅማት ከቅጠሉ ዘንግ እስከ ጫፉ በርዝመቱ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ እንጨት እርጥበት ሲስብና ሲለቅ የሚያብጠውና የሚኮማተረው በአመዛኙ በወርዱ ስለሆነ፣ በአግድም የተቆረጠ ቅጠል ይሰነጠቃል። አስቀድሞ የፊቱ ሞገድ በመሮ ይወጣል፤ ጀርባው እንጨቱ ገና ደንዳና ሳለ ለድጋፍ ይቆይና በመጨረሻ ይሳሳል። ሁሉም ቦታ እኩል መሳሳት የለበትም፤ ጠርዙ ከሥር ወደ ውስጥ ከተዳጠ ዓይን ስስነቱን ያያል፣ መካከሉ ግን ጥንካሬውን ይዞ ይቀራል። የቅጠሉ ዘንግ ከእንጨት ከተሠራ በቀላሉ ስለሚሰበር በመዳብ ሽቦ ቢተካ ይሻላል። ብዙ ቅጠል በሚያስፈልግበት ቦታ በእሳት ግሎ የለሰለሰ ስስ የመዳብ ቆርቆሮ፣ ጅማቶቹ ከጀርባ በደነዘዘ ብረት ተጭነውበት፣ ከእንጨቱ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ቀለሙም አንድ ወጥ አረንጓዴ መሆን የለበትም።

ቅርንጫፉን በተመለከተ ደኑን መጉዳት አያስፈልግም። ያረጀ ቡና በጉንደላ ሲታደስ የሚወገደው ግንድና ቅርንጫፍ በየማሳው ይገኛል፤ ነቀዝ እንዳይወጣበት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ቢቆይ ይጸዳል። እርግጥ የማሳ ቅርንጫፍ የደኑን ቡና እንዲመስል ተመርጦና ተገጣጥሞ መስተካከል ይኖርበታል። ዋንዛ ለመቅረጽ ገር ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ደንን ለማስተማር ደንን ማጥፋት የሚያሳፍር ነገር ነው። አንድ ቅጠል የሚፈልገው የመዳፍ ያህል እንጨት ብቻ ስለሆነ ከአናጺ ቤት የሚተርፍ ቁራጭ ወይም በገበሬ ማሳ የተተከለ ግራቪሊያ ይበቃል።

ሦስት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው፣ የፕላስቲክ ቅጠል በርካሽ ይገዛል የሚል ነው። ይገዛል፤ ግን የየትኛው ዝርያ ቅጠል እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ሻጩም ሆነ ሠሪው አያውቅም። ሁለተኛው፣ በኮምፒዩተር ቀርጾ የሚያትም መሣሪያ እያለ በእጅ መድከም ለምን የሚል ነው። መሣሪያው ጥሩ አጋዥ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው ቅጠል፣ ከየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወር ይወከል የሚለውን ግን አይመልስም። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ደኑ አጠገባቸው ላለ ለጎሬና ለመቱ ሰዎች የደን ምስል ምን ይጠቅማል የሚል ነው። መልሱ ደኑ አጠገብ መሆን ደኑን ማየት አለመሆኑ ነው። የቀረሮን ከፍተኛ ጫፍ ከመሬት ቆሞ ያየ ጥቂት ነው፤ የማይመለስ ለውጥ የሚደርስበት ደንም የቀድሞ መልኩን የሚያስታውስ ምስክር ያሻዋል።

የቀረው ጥያቄ ሥራውን ማን ይሥራው የሚለው ነው። ሙቀጫ፣ ገበታና በርጩማ የሚፈለፍል ሰው የትኛው እንጨት እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው እንደሚታዘዝ ያውቃል፤ ቀፎ የሚሰቅል ሰው የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ያውቃል። ይህ እውቀት በዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ መረጃ ምንጭ ነው እንጂ እንደ ደራሲነት አይደለም። ባለ እጅን ዝቅ አድርጎ የማየት የቆየው ልማድ በምርምር ጽሑፍም ውስጥ ሥር አለው።

ስለዚህ የሚቀርበው ሐሳብ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ለማሳያ የሚቀረጽ እያንዳንዱ ዝርያ የተሰበሰበበት ቦታና ቀን የተመዘገበ የደረቀ ናሙና ይኑረው፤ ናሙናውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2009 በተጠናቀቁት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥራዞች ይመሳከር። ሁለተኛ፣ የማሳያው መግለጫ የዛፉን ስም በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ለምሳሌ ዋንዛን «ዋዴሳ»፣ ብሳናን «በካኒሳ» ብሎ ይጻፍ፤ የቀራጩንም ስም ከዕፅዋት አጥኚው ስም እኩል ያስቀምጥ። ሦስተኛ፣ በዚህ መንገድ የተሠራ ማሳያ ከነሰነዱ ለድኅረ ምረቃ ጥናት ማሟያ ሆኖ በገምጋሚ ይታይ። ገምጋሚው ከጉሬዛው በፊት የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ ይመርምር፤ ዝርያው፣ የቅጠሎቹ አሰዳደርና ወቅቱ ከናሙናው ጋር ካልተስማሙ ሥራው ለእርማት ይመለስ።