«ይቺን ቢያጆ ጨርስና…»

ለከባድ ጭነት መኪና ባለንብረቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



አዳማ ላይ የከባድ መኪና ሞተር ስፈታና ስገጥም 26 ዓመት ሆነኝ። እጄ ከብዕር ይልቅ ቁልፍ ስለለመደ ደብዳቤው ሻካራ ቢሆን ይቅር በሉኝ። ባለፈው ወር ከመካከላችሁ አንዱ አንዲት ወረቀት እንድጽፍለት ጠይቆኝ ነበር። እሷን አልጻፍኩም። በእሷ ፈንታ ይህን ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጅቡቲ ጭኖ ይመለስ የነበረ ተሳቢ አዋሽን አልፎ መተሐራ ሳይደርስ ሞተሩ ይዞ ቀረ። በሌላ መኪና ተጎትቶ ግቢዬ ሲገባ ሹፌሩ ሁለት ሌሊት አልተኛም፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር» አለኝ።

ዘይቱን ከሥር ስከፍተው አልፈሰሰም፤ እንደ ሬንጅ ተጎተተ። ብሮንዚናዎቹ ተልጠው መዳባቸው ወጥቷል፤ አንዱማ ከቦታው ዞሮ ዋናውን ዘንግ በልቶታል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያስደነገጠኝ ፊልትሮው ነው። ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ኪሎ ሜትሩን በነጭ ቀለም ፊልትሮው ላይ የመጻፍ ልማድ አለኝ። እዚያ ያለው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው፦ 412,300። ዳሽቦርዱ ላይ የቆመው ደግሞ 470,900። ልዩነቱ 58,600 ኪሎ ሜትር! አዲስ አበባ ጅቡቲ ደርሶ መልስ 1,800 ገደማ ነው ብላችሁ አስሉት፤ መኪናው በዚያው ዘይት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተመላልሷል። በዚያ ጭነትና በዚያ ሙቀት በየ15,000ው ይቀየር ብዬ የነገርኩት እኔው ነኝ።

ሹፌሩ ሳይናገር ቀርቶ አይደለም። ሞተሩ ሲግል የዘይት ግፊቱ እየወረደ መሆኑን አይቶ በየጉዞው ደውሏል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ይቺን ቢያጆ ጨርስና።»

ባለንብረቱ በማግስቱ መጣ። ሹፌሩን «እንዴት አደርክ» እንኳ አላለውም። ሞተሩን አየና ወደ እኔ ዞሮ «በአያያዝ ጉድለት የተቃጠለ ነው ብለህ ጻፍልኝ። ከደመወዙ እቆርጣለሁ፤ ካልበቃ ዋሱ አለ» አለኝ። ዋሱ የሹፌሩ ሚስት ወንድም ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር። ፊልትሮውን አንስቼ አሳየሁት። «አንተ ደግሞ መካኒክ ነህ ወይስ ጠበቃ?» አለኝ።

ጠበቃ አይደለሁም፣ አለቃ። ሞተር በምን እንደሚሞት ግን አውቃለሁ።

ዘይት ለማለስለሻ ብቻ የሚመስላችሁ አላችሁ። ዘይት ውኃ የማይደርስበትን የሞተር ክፍል ያቀዘቅዛል፣ ጥላሸቱን ተሸክሞ ፊልትሮ ድረስ ያደርሳል፣ ናፍታ ሲቃጠል የሚፈጠረውን አሲድ ያከሽፋል። ለዚህ ሁሉ የተጨመረበት ቅመም በሥራ ብዛት ያልቃል። ሲያልቅ ዘይቱ ይወፍራል፣ ፊልትሮው ይደፈናል። ሠሪዎቹ ይህን አስቀድመው ስላሰቡ ማለፊያ ቫልቭ አበጅተውለታል፤ ፊልትሮው ሲደፈን ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ወደ ብሮንዚናው ያልፋል። ከጥም ቆሻሻ ይሻላል ተብሎ ነው። እናንተ «እየሄደ አይደል እንዴ!» ትላላችሁ። እየሄደ ያለው ማለፊያው ተከፍቶ ነው።

መንገዱንም አስቡት። ከባሕር ዳርቻ ተጭኖ ይነሳል፤ አፋር ላይ ጥላ ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ወቅት በረሃውን ያቋርጣል፤ ከዚያ እያቃሰተ አዲስ አበባ፣ 2,300 ሜትር ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ውኃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በዚህ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመላለሰው። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሞተር አንድ ቀን ቆሞ ዘይት ቢቀየርለት ምን ትከስራላችሁ? አንድ ቢያጆ? ለአንድ ቢያጆ ብላችሁ ነው የሰው ዓመት የምትበሉት?

የራዲያተሩ ውኃም ከዚሁ ንፍገት አያመልጥም። ስንት ሲሊንደር ከውጭ በኩል በመርፌ እንደተወጋ ተበሳስቶ አውጥቻለሁ! ፒስተኑ ሲማታ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይርገበገባል፤ ከጀርባው ያለው ውኃ ውስጥ ደቃቅ አረፋ ይፈጠርና እየፈነዳ ብረቱን ይቦረቡራል። ይህን የሚከላከለው ለናፍታ ሞተር ተብሎ የተሠራ ኩላንት ነው። ዋጋው ሲነገራችሁ ግን «አባቶቻችን በወንዝ ውኃ ነድተው የለም እንዴ» ትላላችሁ።

የእናንተን አባቶች አላውቅም። የእኔ አባት ሹፌር ነበር። አሰብ መስመር ላይ ኤንትሬ ፊያት ይነዳ ነበር፤ የሰው መኪና። አንድ ክረምት ሞተሩ ብሮንዚና በላ። ባለመኪናው የአራት ወር ደመወዙን ያዘበት። አባቴ ዘይቱ እንዲቀየር መጠየቁን ለእናቴ እየደጋገመ ይነግራት ነበር፤ እሷ ሳትጠይቀው፣ ማታ ማታ፣ ተከስሶ እንደሚከራከር ሰው። እሷ የአንገቷን ወርቅ ሸጣ ትምህርት ቤት ላከችን። ሞተር ቤት የገባሁት ያን ዕዳ ለመረዳት ነው ብል አልዋሸሁም። ተረዳሁት። ዕዳው የእሱ አልነበረም።

ሁሉም ሹፌር መልአክ ነው አላልኩም። ዳገት ጨርሶ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ ሳያሳርፍ ቁልፍ የሚያዞር አለ። በደቂቃ ወደ መቶ ሺህ ዙር የሚሽከረከር ቱርቦ ድንገት ዘይት ሲቋረጥበት ዘንጉ ላይ የቀረው ዘይት ከሰል ይሆናል። ያን ሳይ «የሹፌር ጥፋት ነው» ብዬ እጽፋለሁ፤ ጽፌም አውቃለሁ። ናፍታ ቀድቶ የሚሸጥም አላጣም። የእናንተም ችግር አይጠፋኝም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ሲሄድ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደወጣ ሒሳቡን የምሠራላችሁ እኔው ነኝ። ግን ንገሩኝ፤ መለዋወጫ ሲወደድ ያለችውን ሞተር መንከባከብ ነው ወይስ ገድሎ ለሹፌር ማስከፈል? በወጉ የተያዘ ከባድ ናፍታ ሞተር ሳይከፈት አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሊሄድ እንደሚችል እያወቃችሁ፣ ግማሹን ሳይደርስ ከእኔ ግቢ የሚቀበረው በማን አያያዝ ጉድለት ነው?

የሠራተኛ ላብ መያዝ ምን እንደሆነ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ሰምታችኋል፤ እኔ አልሰብክም። ብዙዎቻችሁ ለንግሥ ሰንጋ ታርዳላችሁ፣ በረመዳን ታስፈጥራላችሁ። የመኪናችሁ ግንባር በጻድቃን ሥዕልና በቅዱስ ቃል ያሸበረቀ ነው። የዘይቱን ጉዳይ ለእነሱ ትታችሁት ይሆን? ማንበብ ያልቻለ ገበሬ እንኳ ሲያርስ ውሎ በሬውን ይፈታል፣ ውኃ ያጠጣል፤ በሬው ወድቆ ቢሞት ጅራፍ የያዘውን እረኛ ልጅ አይከስም። እናንተ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነባችሁ። ስህተቱን የሠራው ስልክ ያነሳው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዱላው ያረፈው ስልክ የደወለው ላይ ነው።

ምን እናድርግ ብትሉኝ የምታደርጉትን ታውቃላችሁ። ማኅበራት አሏችሁ፣ ሽማግሌዎች አሏችሁ፣ ሕሊናም አላችሁ። ተነጋገሩበት። ሹፌር ሲደውል ስሙት። ከሁሉ በፊት ግን የያዛችሁትን ደመወዝ መልሱ።

ያ ሹፌር አሁን መኪና የለውም። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሚስቱ ወንድሟን ቀና ብላ ማየት አቅቷታል። ወረቀቱን ሌላ ጋራዥ ጽፎ ይሆናል፣ አላውቅም። ፊልትሮውን ግን አልጣልኩትም። መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ 412,300 የሚለው እስካሁን ይነበባል።