«ዝም አይነቅዝም» ለስብሰባ አይሠራም



ስብሰባ በተበተነ ቁጥር በር ላይ ሌላ ስብሰባ እንደሚጀመር ሁላችንም እናውቃለን። ውስጥ ሳሉ ትንፍሽ ያላሉ ሰዎች ደጅ ሲወጡ «ኧረ ይሄ ነገር እንዴት ይሆናል?» ይላሉ። ነገሩ ግን እጅ ወጥቶበት፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ አልቋል። ለምን አልተናገራችሁም ሲባሉ፣ «አይ፣ እኔ ድንገት ተነሥቶ መናገር አልችልበትም፤ አልተዘጋጀሁም» ነው መልሳቸው።

በዚህ ላይ አስተያየታችንን ለመስጠት እንወዳለን። ጉዳዩ የአንደበት ብቻ ሳይሆን የገንዘብና የመብት ነው። የእድር መዋጮ ይጨመር ሲባል በጡረታ የሚተዳደሩት አባትና ጉልት የሚቸረችሩት እናት ዝም ካሉ፣ የሚወሰነው በተናጋሪዎቹ ኪስ ልክ ነው። የጎርፍ ማፋሰሻው ቦይ በየት በኩል ይቆፈር ሲባል ጎርፍ ቤቱ የሚገባበት ሰው አፉን ከያዘ፣ ጎርፉ የሚሄድበትን የሚወስነው ደረቅ ቦታ ያለው ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ዝም ያለው ሰው አይነቅዝ ይሆናል፤ ጉዳዩ ግን ይነቅዛል።

ሳይዘጋጁ መናገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በጥንቱ ሙግት፣ በበላ ልበልሃ ጊዜ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ወረቀት ሳይዙ ዳኛ ፊት ቆመው፣ ባላጋራ ለተናገረው እዚያው መልስ ይሰጡ ነበር። ማር እሰጥ፣ በቅሎ እሰጥ እየተባለ ውርርድ ይያዝ ስለነበር፣ «እሰጥ አገባ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ የክርክር ስም ሆኖ ቀርቶልናል። ተሟጋቹ የባላጋራውን ቃል አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ የራሱን ነገር ግን አብጠርጥሮ ያውቃል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሳይዘጋጁ መናገር ሳያውቁ መናገር ማለት አይደለም። የጡረታ ገንዘብ ወር እንደማያደርስ ለመናገር ከጡረተኛው በላይ ማን ተዘጋጅቷል? በየክረምቱ ጎርፍ ከቤቱ ሲቀዳ የኖረውስ ከዚህ ወዲያ ምን ዝግጅት ይፈልጋል?

በድንገት ከሚነገር ነገር ሁሉ ከባዱ መርዶ መሆኑን እድርተኛ ሁሉ ያውቃል። መጋቢት 26 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት ምሽት፣ የአሜሪካው ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ለምርጫ ቅስቀሳ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ንግግር እንዲያደርጉ ሕዝብ ይጠብቃቸው ነበር። ከተሰበሰበው ብዙው ሰው መርዶውን አልሰማም። ኬኔዲ የጭነት መኪና ላይ ቆመው፣ የተዘጋጀ ጽሑፍ ሳያነቡ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ተናገሩ። መርዶውን ሳያድበሰብሱ አስቀድመው ነገሩ፤ የእሳቸውም ወንድም በጥይት መገደላቸውን ጠቅሰው ሐዘኑን ተካፈሉ፤ የሚያስፈልገው ጥላቻ ሳይሆን ፍቅርና መተዛዘን ነው ብለው፣ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲጸልይ ለመኑ። በእነዚያ ቀናት ብዙ የአሜሪካ ከተሞች በሁከት ሲታመሱ ኢንዲያናፖሊስ ጸጥ ብላ ሰነበተች። ምክንያቱ ንግግሩ ብቻ ነው ባይባልም፣ ዋናውን ነገር አስቀድሞ መናገር፣ ከራስ ኑሮ ምሳሌ መጥቀስና የሚፈለገውን ጠይቆ መጨረስ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል።

ታዲያ እኛስ? እጅዎን ከማውጣትዎ በፊት «እንዲደረግ የምፈልገው ምንድን ነው?» ብለው መልሱን በአንዲት ዓረፍተ ነገር በልብዎ ይያዙ። ሲነሡ እሷን ያስቀድሙ፤ «መዋጮው ከተጨመረ ጡረተኛው በነበረው እንዲቀጥል እጠይቃለሁ» ይበሉ። ቀጥሎ ምክንያትዎን፣ ከዚያም ከኑሮዎ አንድ ምሳሌ ይስጡ። በመጨረሻ ያችኑ ጥያቄ ደግመው ቁጭ ይበሉ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ድምፅ ቢንቀጠቀጥ ነውር የለውም፤ ቃል ቢጠፋ ትንፋሽ መውሰድ ነው፣ ሰው ይጠብቃል። አስቸጋሪው «ብዙ የምለው የለኝም» ብሎ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት የሚቆመው ነው።

አንደበት ለቀናችሁም አንድ ቃል አለን። የሚንተባተብ ሰው ሲነሣ አትሳቁ፤ ቃሉንም አትንጠቁት። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ሰው ሁለተኛ እጁን አያወጣም። ሰብሳቢዎቻችንም በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ሁለተኛ ጊዜ ለመናገር እጁን ላወጣ ሰው ዕድል ከመስጠታቸው በፊት፣ ገና ምንም ያልተናገሩትን፣ በተለይ ከኋላ የተቀመጡትን እናቶች፣ «እስቲ እናንተስ?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። የተነገረውን ጸሐፊ ይመዘግበዋል፤ ሆድ ውስጥ የቀረውን ግን ማንም ሊጽፈው አይችልም።

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች