ሥልጠናውስ ተሰጠ፣ ትውውቁስ?

ሞጆ ላይ ወደ ሐዋሳ ከታጠፍን ቆቃ ሩቅ አይደለችም። መኪና አቁመን ቲማቲም በሣጥን እየገዛን፣ ዓሣ እያስጠበስን፣ «ውሃ እያለ፣ መሬት እያለ ይሄ ወጣት ለምን ይሰደዳል?» የምንለው እኛው ነን። ይህቺን ንግግር ስናመላልሳት ከርመናል። ዛሬ ልንጣላት ነው።

ባለሥልጣኑም በየስብሰባው ይህንኑ በሌላ አማርኛ ይለዋል፦ «የአመለካከት ችግር»! ወጣቱ ሥራ ይንቃል፣ ክህሎት የለውም። መፍትሔው የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የምስክር ወረቀት።

እስቲ ቆቃ ላይ ሽንኩርት እንዴት እንደሚጀመር እንይ። መሬቱ የአንድ ገበሬ ነው። ፓምፑ፣ ነዳጁ፣ ዘሩና መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነው። ወይ በኪራይ ይስማማሉ፣ ወይ ምርቱን ይካፈላሉ። ማን አገናኛቸው? ጋብቻ፣ አበልጅነት፣ ዕቁብ፣ አለዚያም ደላላ። ምርቱ ሲደርስ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰበብ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ቦታው እንጂ ስልክ ቁጥሮቹ እንዳልተቀየሩ እንወራረዳለን። ቲማቲም ድርድር እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ገዢ የማያውቅ ሰው ደላላው በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል። (ደላላውን አንሰድብም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ስልክ የሚያነሳው እሱ ብቻ ነው።)

«ክህሎትስ?» ትሉን ይሆናል። ክህሎትማ አለ! ችግኝ የሚያፈላው፣ ቦይ የሚቀይሰው፣ በ2004 ዓ.ም. ግድም አገራችን የገባችውን ቱታ አብሶሉታ የተባለች የቲማቲም ጠላት ቅጠሉን አይቶ የሚለያት የቀን ሠራተኛው ነው። የኛ ቢጤ የከተማ ልጅ ግን አጎቱ ፓምፕ ስላለው ብቻ «ወጣት ባለሀብት» ተብሎ ይሸለማል። አመለካከቱ ይስተካከል ተብሎ ሥልጠና የሚጠራው ያው የቀን ሠራተኛ ነው። ይህ ስድብ ነው።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 የሥራ ወሬ ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ ከሩቅ ትውውቅ እንደሚመጣ ጽፎ ነበር፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነውና። እኛ አገር ግን ወጣቱን «ተደራጅ» እንለዋለን። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲቋቋምም ዜማው ይኸው ነበር። አምስት የአንድ ሰፈር ልጆች ተደራጁ እንበል። አምስቱም የሚያውቁት አንድ ደላላ ነው። አምስት ሆነው ለዚያው ደላላ ይሸጣሉ፣ ዕዳው ግን ለአምስት ይከፈላል። ከዚያ «ብድር አይመልሱም» ተብለው ይታማሉ።

ደግሞ ሕጉ የለም እንዳትሉን። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትን፣ ሰብልን፣ ማሽንን መያዣ ማድረግ ይፈቅዳል። ታዲያ ፓምፑ ራሱ ለፓምፑ ብድር ለምን መያዣ አይሆንም? የቀን ሠራተኛው ለምን አጎት ይፈለግለት?

ለሚቀጥለው ሥልጠና በጀት ሲያዝ ከአሠልጣኙ አበል ላይ ይቀነስና ሦስት የአትክልት ነጋዴዎች ከአዲስ አበባ ቆቃ ድረስ መጥተው ከነዚህ ልጆች ጋር ምሳ ይብሉ፣ ስልክ ይለዋወጡ። ዓሣውን እኛ እንጋብዛለን።