ጳጉሜን የማያውቅ የቀን መቁጠሪያ

በመርካቶ ገበያ ከምናለሽ ተራ እስከ በርበሬ ተራ የዱቤ መዝገብ ከወረቀት ወደ ስልክ በመዛወር ላይ መሆኑን ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፥ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በስልክ መክፈልና መቀበል የባለሱቁ የዕለት ተግባር ሆኗል። ስለዚህም በስልኩ ገጽ ላይ ምን ይኑር የሚለው ጥያቄ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ፕሮግራም ጸሐፊ እያንዳንዱን ቁልፍና ሰንጠረዥ ከመሠረቱ አይሠራም። ቀድመው የተሠሩ ክፍሎች የሚከማቹበት፥ ላይብረሪ የሚባል የጋራ ጎተራ አለ፤ የሚያስፈልገውንም ከዚያ ያወጣል። የጎተራው ጠባቂዎች ምን ይግባ፥ ምን ይቅር እያሉ ዘወትር ይከራከራሉ። የገባው ሁሉ ጠባቂና አዳሽ ስለሚሻ፥ ጎተራው እንዳይከብድ መስጋታቸው ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ሊገባ ሲገባው በውጭ የቀረ ነገር አለ። የጉግል ኩባንያ ያወጣው ፍላተር የተባለው ላይብረሪ አማርኛን ያውቃል፤ ነገር ግን ከርሱ ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣው የቀን መምረጫ በአማርኛ ፊደል «ጃንዩወሪ፥ ፌብሩወሪ» እያለ የአውሮጳን ወራት ይቆጥራል። ፊደሉ ኢትዮጵያዊ፥ ዘመኑ አውሮጳዊ ሆነ ማለት ነው። የሚያስደንቀውም፥ የኢትዮጵያ ዘመን ሒሳብ በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ከ7ኛው እትም፥ ማለትም በአውሮጳ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ይገኛል፤ የጎደለው ለዓይን የሚታየው ክፍል ነው።

ከዚህ የተነሣ ጸሐፊው ሁሉ የየራሱን መቁጠሪያ ለመሥራት ይገደዳል። አንዱ 7 ወይም 8 ዓመት ቀንሶ ያልፋል፤ ሌላው 12 ወር ብቻ አስገብቶ ጳጉሜንን ይረሳል። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜኑ 6 ቀን ስለ ነበረ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን በአውሮጳ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዋለ፤ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ግን የሚውለው በ11 ነው። ይህን ያልቆጠረ ፕሮግራም የዱቤውን መክፈያ ቀን ያዛባል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጭነቱ ከጧቱ በ3 ሰዓት ይራገፋል የተባለውን ስልኩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ቢመዘግበው ባለመኪናውና ባለሱቁ ያለ በደላቸው ይጣላሉ።

በገበያ ጨርቅ ሻጩ ሁሉ የየራሱን ሜትር ቢያወጣ ማን አምኖ ይገዛል? የጎተራው መለኪያም ይኸው ሊሆን ይገባል፤ ሁሉ የሚጋራው፥ በየግል ሲሠራም ስሕተት የሚያመጣው ነገር ይግባ፤ ጌጡና የየሱቁ ልዩ ፍላጎት በውጭ ይቅር። የአንድ አገር ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር፥ አገሪቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዳላት ያስታውስ።

ነጋዴውም የራሱ ድርሻ አለው። ፕሮግራም የሚያሠራ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጳጉሜን 6 ቀንንና የጧቱን 3 ሰዓት በፊቱ አስመዝግቦ ይፈትን። የአገር ውስጥ ጸሐፊዎችም አንድ የተፈተነ የቀን መምረጫ በኅብረት ሠርተው ለሁሉ ክፍት ቢያደርጉ፥ ነጋዴው ወጪውን መካፈሉ ኪሣራ አይሆንበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።